ለቅሶ ያበዛችው ምራቴ

በእኛ አገር ሴት ልጅ በጠራራ ፀሐይ እግሯን ዘርግታ ቁጭ ብላ ካያችሁ፣ ወይ ታማለች፣ ወይ ሰው ሞቶባታል። ሌላ ምክንያት የለም። ካላመናችሁኝ ፍኖተ ሰላምን ከላይ እስከ ታች ዙሩና እዩ። ወንዱ መቼም ተቀምጧል። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጧል፣ ሱቅ በር ላይ ተቀምጧል፣ የሚሠራው ሲያጣ ደግሞ ስብሰባ ነው ብሎ ይቀመጣል። ሴቷ ግን ትሮጣለች። ቆማ ካገኛችኋትም ወደየት እንደምትሮጥ እያሰበች ነው።

በዓልስ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለ እንጂ! እኔ ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነው የተወለድኩት። እዚያ ሚካኤል ሲሆን ቀንበር ይሰቀላል፣ በሬ ይለቀቃል፣ ገበሬው ጋቢውን ደርቦ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል። ሲመለስ ይበላል፣ ይጠጣል። የሚበላውን ማን ሠራው? የሚጠጣውን ማን ጠመቀው? በሬው ያከበረውን በዓል እኔ አንድም ቀን አክብሬው አላውቅም። እሱ ሚካኤል ራሱ ምስክሬ ነው።

ለቅሶ ግን ሌላ ነው። ባሌ የሞተ ጊዜ ፍራሽ አንጥፈው አስቀመጡኝ። ውኃ ልቅዳ ብዬ ብነሳ አንዷ ጎረቤቴ ጀሪካኑን ቀማችኝ። እሳቱን ልየው ብል ሌላዋ ትከሻዬን ይዛ መልሳ አስቀመጠችኝ። ንፍሮው በሰው ቤት ተቀቀለ፣ ከብቱን ሰው አገደው፣ እንግዳውን ሰው አስተናገደው። እኔ አለቀስኩ። ባሌን ከልቤ ነው ያለቀስኩት፣ ደግ ሰው ነበር። ወገቤ ግን አላለቀሰም። ወገቤ በትዳር ዘመኔ ሁሉ ያላየውን ዕረፍት አየ። ይህን ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው፣ "ወገብሽን ተዪውና ስለ ራስሽ ንገሪኝ" አሉኝ። እሳቸው ወገብ የሌላ ሰው ይመስላቸዋል።

ይህን ሁሉ የምለፈልፈው ወደ ምራቴ ልወስዳችሁ ብዬ ነው።

የሻረግ ትባላለች። የልጄ የደምሴ ሚስት ናት። እዚሁ ከተማችን ውስጥ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ናት። ምራቴን ላመሰግን አልተነሳሁም፣ እኔ አማት ነኝ፣ ሥራዬን አውቃለሁ። ግን እውነቱን እናውራ ከተባለ የዚህ ሰፈር ሕፃን ሁሉ መጀመሪያ ያየው የእሷን ፊት ነው። ደምሴ ቡሬ እህል መጋዘን ይሠራል፣ ቅዳሜ በሚኒባስ መጥቶ እሑድ ይመለሳል። ቤቱን የያዝነው እሷ፣ እኔና ትንሿ ልጃቸው ነን።

ድሮ የሻረግ ወሬኛ ነበረች። ከሥራ ስትመለስ ከበር ጀምራ ታወራለች። እገሊት መንታ ወለደች፣ የእገሊት ባል ራሱን ስቶ ወደቀ፣ እሱን አንስተን ስንጨርስ ልጁ ተወልዶ ጠበቀን፣ እያለች ታስቀኛለች። ሳቄን ግን አላሳያትም። አማት ነኝ አልኳችሁ አይደል?

ከዚያ መንገዱ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት፣ አብረዋት ከሚሠሩት አንዷ ባሕር ዳር ገባች፣ ሌላዋ እንጃ ወዴት ሄደች። ምጥ ደግሞ መንገድ ተዘጋ ብሎ አይቀርም። የሦስት ሰው ሥራ በአንዲት ሴት ጫንቃ ላይ ወደቀ። ተተኪ ይመጣል ተባለ። ይኸው እስካሁን እየመጣ ነው።

የሻረግ ወሬዋ ቆመ። በሩን ከፍታ ትገባለች፣ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፣ ግድግዳ ታያለች። ወጡን አንድ ቀን ጨው ትነሳዋለች፣ በማግስቱ ጨው ብቻ ታደርገዋለች። ባጃጅ ውስጥ ገብታ ቤቷን አልፋ እስከ ከተማው መውጫ ትሄዳለች። ተኝታ ስትነሳ ከመተኛቷ በፊት ከነበረችው ይልቅ የደከማት ትመስላለች። ስልኳ ሲጮህ እባብ እንደረገጠ ሰው ትዘላለች። አንድ ቀን ልጇን ፖፖ ላይ አስቀምጣ፣ "ግፊ እናትዬ፣ በርቺ፣ ግፊ" ስትል ሰማኋት። እኔ ተንከትክቼ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ምን እንዳሳቀኝም አልገባትም።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የጎረቤታችንን የዘውዴን ልጅ ያዋለደች ለታ ነው። ሁላችን እልል እያልን ስንገባ፣ የሻረግ እጇን እየታጠበች "እንኳን ማርያም ማረችሽ" አለቻት። አባባሏ ልክ የሚኒባስ ረዳት "ወራጅ አለ" እንደሚለው ነበር።

እኔስ ምን አልኩ? መጀመሪያ አረገዘች አልኩ። ሆዷን አየሁ፣ ጠበቅኩ፣ ምንም የለም። ቀጥዬ ኮራች አልኩ። ደመወዝ የምታገኝ ሴት አማት ማነጋገር ደከማት አልኩና እኔም ኮራሁባት። ሁለት ኩሩ ሴት አንድ ቤት ውስጥ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ? ድመቷ እንኳ ቤት ለቀቀች። ዘውዴ ደግሞ፣ "ማንጠግቦሽ ሙች፣ ይቺን ልጅ ዓይን በልቷታል" ትለኛለች። የማን ዓይን እንደሆነም ስም ጠርታ ነገረችኝ። እሷ የማትወደው ሰው ሁሉ ዓይኑ መጥፎ ነው።

በዚህ መሀል ነው ለቅሶው የመጣው።

መጀመሪያ የሥራ ባልደረባዋ እናት ሞቱ፣ ሄደች። ደግ አደረገች። ከዚያ ከቤተ ክርስቲያን የምታውቃቸው አንዲት ሴትዮ ሞቱ፣ ሄደች። ይሁን። ከዚያ ከከተማው ወዲያ ጫፍ የማናውቀው ሰው ሞተ፣ ሄደች። እንዴ? በማለዳ የዕድሩ ጥሩምባ ሲነፋ ሰው ሁሉ "ማን ይሆን?" ብሎ ይደነግጣል። የእኔ ምራት ነጠላዋን ታዘቀዝቃለች! ከሥራ ያገኘቻትን ትርፍ ሰዓት ሁሉ ለቅሶ ቤት ታሳልፋለች። ስትመለስ ዓይኗ አባብጦ፣ አፍንጫዋ ቀልቶ፣ ግን ደግሞ ቀለል ብሏት ትመጣለች። ያን ቀን ወጡ ጨው አለው።

"ምነው የሻረግ፣ የሟች ዘመድ ነሽ?" ብዬ ጠየቅኳት አንድ ቀን።

"ሰው አይደሉ እማማ?" ብላ አለፈችኝ።

ምን ልበል? ለቅሶ አትድረሺ ይባላል?

ቡሬ ላይ አንድ ትልቅ የበርበሬ ነጋዴ ሞቱ። ትውልዳቸው ከእኔ መንደር ስለሆነ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሄድኩ። ድንኳኑ መንገዱን ሞልቶታል። ወንዶቹ ከውጭ፣ ሴቶቹ ቤት ውስጥ። ስገባ እግሬን እንኳ ማሳረፊያ አጣሁ። ከፊት፣ ሚስትየዋ ከተቀመጡበት ፍራሽ ጥግ፣ አንዲት ወጣት ሴት ታለቅሳለች። እንዴት ያለ ለቅሶ መሰላችሁ! ትከሻዋ ይናወጣል፣ እንባዋ በአገጯ ይወርዳል፣ ድምጿ ግን አይወጣም። ሚስትየዋ የራሳቸውን ለቅሶ አቁመው እሷን ያያሉ። ጠጋ ብዬ ባይ የሻረግ!

እኔ ገና አፌን ሳልዘጋ ሹክሹክታው ከኋላዬ ጀምሯል። ማን ናት? እንጃ። ከየት መጣች? ማንም አያውቃትም። እንዲህ የምታለቅስ ባዳ አለ? የለም። ታዲያ? ታዲያማ ልጃቸው ናት! ሰውየው በወጣትነታቸው ብዙ አገር ዞረው ነግደዋል፣ የትም ወልደው ይሆናል። አንዲት አሮጊት፣ "አፍንጫዋን እዩት፣ ቁርጥ የእሱ" አለች። ሁሉም አየ። ሁሉም አመነ። የሟች እህት ተነሥታ መጥታ፣ "የወንድሜ ልጅ፣ እስካሁን የት ነበርሽ?" ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ሁለቱ አብረው አለቀሱ። ወሬው በመስኮት ወጥቶ ወንዶቹ ድንኳን ደረሰ። የሟች ልጆች ደም ሥራቸው ተገታተረ፣ መጋዘን ነዋ፣ ውርስ ነዋ!

ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ ማን እንዳለ ገምቱ እስቲ። ልጄ ደምሴ! እንደማንኛውም የቡሬ ሰው ሊያለቅስ መጥቷል። "ሟቹ የደበቋት ቆንጆ ልጅ ከውስጥ አለች አሉ" ብሎ አጠገቡ ላለው ያቀበለው እሱ ራሱ ነው። የገዛ ሚስቱን!

እኔ ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻልኩም። መሀል ቤት ቆምኩና፣ "ይቺ ልጅ የእኔ ምራት ናት። አባቷ ደጋ ዳሞት ፈረስ ቤት በሕይወት አሉ። አፍንጫውም የእሳቸው ነው" አልኩ።

ነገሩን የጨረስኩት መሰለኝ። ለካ ገና ማበላሸቴ ነው። ያቺው አፍንጫ ያየችው አሮጊት፣ ቀስ ብላ፣ "ልጁ ካልሆነች ታዲያ ምኑ ናት?" አለች።

ልጅ ያልሆነች ወጣት ሴት፣ ለማታውቀው ሀብታም ሽማግሌ፣ ባል እያላት፣ እንዲህ ካለቀሰች ምኑ ናት? የቀረውን እናንተ ሙሉት። እነሱ ሞልተውታል።

ደምሴ ድምፄን ሰምቶ ሲገባ ሚስቱን አየ፣ የተባለውንም ሰማ። በሚኒባሱ እስከ ፍኖተ ሰላም ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ ዞሮም አላየን። ቤት ስንገባ፣ "እማ፣ የንስሐ አባታችንን ጥሪልኝ። ሰውየው ምኗ እንደነበር ከአንደበቷ ልስማ። ካልሆነ ይቺ ቤት ዛሬ ትፈርሳለች" አለኝ። ልጄን አውቀዋለሁ፣ በልጅነቱም ሲናደድ ድምፁ ዝቅ ይላል። ያን ቀን ድምፁ የሚሰማ አልነበረም።

አባ መጡ። ተቀመጡ። የሻረግን ጠየቋት።

"ሰውየውን አላውቃቸውም አባቴ። ስማቸውንም የሰማሁት እዚያው ነው" አለች።

"ሳታውቂ እንዲህ ታለቅሻለሽ?" አለ ደምሴ። "እኔ ሞኝ ነኝ? እኔ ብሞት እንዲያ ታለቅሽልኛለሽ?"

"ለአንተማ ጊዜ አላገኝም" አለችው።

አባ ሳል ያዛቸው። ሳቅ እንደነበር በኋላ ነው የገባኝ።

ከዚያ ተናገረች። ምሬት የለውም፣ ዝም ብላ እንደ መልእክተኛ ነገረችን። "ለቅሶ ቤት ስልክ ይጠፋል፣ ማንም አይጠራኝም። ቁጭ ብል ተነሺ የሚለኝ የለም። ባለቅስ 'ተዋት፣ ይውጣላት' ይላሉ። እዚህ ባለቅስ ግን ምን ጎደለሽ ትሉኛላችሁ። ምንም አልጎደለኝም። የሚጎድል ነገር እንኳ አልቀረኝም። ሕፃን ሲወለድ ደስ አይለኝም፣ ሲሞት አላዝንም። ያን ጊዜ ራሴን ፈራሁት። እዚያ ስሄድ ቢያንስ እንባዬ ይመጣል። ስተኛ ደግሞ ነገ ባልነቃ ምናለበት እያልኩ ነው የምተኛው።"

እዚህ ላይ እኔ ቀልዴን አቆምኩ። እናንተም አቁሙ።

አባ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። "ስንት ለቅሶ ቤት አግኝቼሽ እግዜር ያጥናሽ ብዬሻለሁ፣ ዘመድሽ እየመሰለኝ" አሉ። ደምሴ ወለሉን ያያል። እኔ ጠበሉን ሊያዙ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ "ጠበሉ የትም አይሄድብሽም። ነገ በማለዳ ግን ሐኪም ቤት ትሄጃለሽ። ባልነቃ የሚል ሐሳብ ለነገ የሚያድር አይደለም፣ ዛሬም ብቻሽን አትደሪ" አሏት። ያን ቀን አንድ አልጋ ላይ ከእኔ ጋር ተኛች። ደምሴም ቡሬ አልተመለሰም።

በማግስቱ ሌላ ጣጣ መጣ። አልሄድም አለች! ለምን? የአእምሮ ሐኪም ያለበት ክፍል በር ላይ ሰልፍ አለ፣ ሰልፉ ላይ ያዋለደቻቸው ሴቶች አሉ፣ ያውቋታል። ሌላውን ሰው ስንቴ ወደዚያ ልካለች፤ ሂዱ፣ አያሳፍርም ብላለች። ለራሷ ሲሆን አሳፈራት።

"እንግዲያው የታመምኩት እኔ ነኝ" አልኳት። "አንቺ አስታማሚ ነሽ። ያዢኝ።"

ሻሼን ግንባሬ ላይ አሰርኩ፣ ክንዷ ላይ ተንጠለጠልኩ፣ እየቃተትኩ ሰልፉን አለፍኩ። ሰው ሁሉ፣ "ምን ያለች ምራት ናት፣ እግዜር ይስጣት!" ይላል። ለእኔ ያዘነልኝ የለም።

ባለሙያው ለጋ ልጅ ነው፣ ጢሙ ገና እየመከረ ነው ልውጣ አልውጣ ብሎ። "እማማ፣ እንቅልፍ እንዴት ነው?" አለኝ።

"እተኛለሁ፣ ግን ደክሞኝ እነሣለሁ" አልኩት የእሷን።

"ሥራ ላይስ?"

"ሕፃን ሲወለድ ምንም አይሰማኝም።"

ቀና ብሎ አየኝ። "ሕፃን ያዋልዳሉ እንዴ እማማ?"

"አልፎ አልፎ" አልኩት።

ልጁ አልሳቀም። እኔን መጠየቁን ቀጠለ፣ ዓይኑ ግን ወደ አስታማሚዋ ሄደ። "ስልክ ሲጮህስ?" ቢለኝ፣ እኔ ሳልመልስ የሻረግ፣ "ከመቀመጫዋ ትዘላለች፣ ከጠፋም በኋላ ይሰማታል" አለች። "ከመቼ ጀምሮ?" "ከክረምቱ ወዲህ።" "ሰው ታስቀይማለች?" "የምትወደውን ሰው ብቻ" አለችና ድምጿ ተሰበረ። ልጁ ወንበሩን ቀስ አድርጎ ወደ እሷ አዞረና፣ "እማማ፣ ትንሽ ውጭ ይጠብቁን" አለኝ።

"ታማሚዋ እኔ አይደለሁም እንዴ?" አልኩት እየወጣሁ። ከእሱ በፊት እኔን ከወሬ መሀል ሊያስወጣኝ የቻለ ሰው የለም።

ቆይቶ እኔንም ጠርቶ አስረዳኝ። ስንፍና አይደለም፣ ኩራት አይደለም፣ የሰው ዓይንም አይደለም አለ። ሥራው ሰውየውን ሲበላው የሚመጣ ድካም ነው፣ እንቅልፍ ብቻ አይጠግነውም። ፈቃድ ጻፈላት። ሥራውን የሚጋራት ሰው እስኪመጣ ተረኛነቷ እንዲቀነስ ለአለቃዋ እነግራለሁ አለ። በየሳምንቱ እየመጣች እንድታዋየው ቀጠራት። ያ ባልነቃ የሚለው ሐሳብ ከተመለሰ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ፣ ተራም ሳትይዙ፣ በዚያው ሰዓት አምጧት አለኝ። ምልክቱንም አንድ በአንድ ቆጠረልኝ። ልጁ ሲቆጥር እኔ ራሴን ተቆጣሁ። አንዱም አዲስ አልነበረም። ሁሉንም በዓይኔ አይቼዋለሁ። ለአንዱ እርግዝና፣ ለአንዱ ኩራት የሚል ስም ሰጥቼው ነበር እንጂ።

ፈቃዱን ይዘን መጣን። የሻረግ ልታርፍ ነው። በእኛ ሰፈር!

በመጀመሪያው ቀን አንዷ፣ "እንግዲህ ቤት ከዋልሽ የልጄን ሆድ እይልኝ" ብላ መጣች። ጤና ጣቢያው ጓንት የት እንዳለ ጠይቆ ደወለ። ከፈረስ ቤት ዘመድ መጣ፣ ሥራ የለሽም ሲሉ ሰምተን ብሎ። ራሷም ዝም አላለች፣ መጋረጃ አውርዳ ልታጥብ ተነሣች። ሁለተኛውም ቀን እንደዚያው። ደምሴ በበኩሉ ሽሮ ሠርቶ አበላን፣ ማለፊያ ነበር፣ አልነገርኩትም።

በሦስተኛው ቀን ፍራሹን አወረድኩ። መሀል ቤት አነጠፍኩት። የሻረግን እጇን ይዤ አስቀመጥኳት፣ ስልኳን ጡቴ ሥር ደበቅኩት፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩ።

ዘውዴ እየሮጠች ገባች። "ወይኔ ማንጠግቦሽ! ማን ሞተ?"

"ማንም።"

"ታዲያ ምን ልበል?"

"እግዜር ያጥናሽ በይና ቁጭ በይ።"

አለችና ተቀመጠች። ሌላ መጣች፣ ሌላም። ለቅሶ ነው ብለው ንፍሮ ይዘው የመጡም አሉ፣ አልመለስንም። ሊያስመረምር የመጣ ፍራሹን ያይና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይመለሳል። ፍራሽ ላይ ያለችን ሴት ተነሺ የሚል ሰው ጎጃም ውስጥ አልተወለደም። የሻረግ ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ ጭኔ ላይ አንቀላፋች፣ አፏን ከፍታ። ሴቶቹ በሹክሹክታ ያወራሉ፣ እግራቸውን ዘርግተዋል።

ወሬው ለዕድሩ ዳኛ ደረሰና እየተቆጣ መጣ። አስከሬን ሳይኖር ፍራሽ ማንጠፍ በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ የለም አለኝ።

"ቀድመን ነው የተቀመጥነው" አልኩት። "ደንቡን ብንጠብቅ ኖሮ አስከሬኑም ይገኝላችሁ ነበር።"

የተኛችውን ልጅ አየ። ራሱን አከከና ሄደ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ጋሪ በራችን ላይ ቆመ። የዕድሩን አግዳሚ ወንበር ጭኗል። ከወንበሩ ላይ የዳኛው ሚስት ተቀምጣለች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። ወርዳ ገባች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ከፍራሹ ጥግ ቦታ ያዘች። ማን ሞተ ብላ አልጠየቀችም።

"እስከ መቼ ነው የምንቀመጠው?" አለች።